የቺያ ዘርና የፍራፍሬ ፑዲንግ፦ ቀለል ያለና ለጤና የሚስማማ እንዲሆን ምጣኔው፣ ጣፋጩና ጊዜው እንዴት ቢሆን ይሻላል?

ማለዳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጠዋት ከቤት ከመውጣቴ በፊት የምበላውን ቀለል ያለ ቁርስ ማታውኑ አዘጋጅቼ ማሳደር እፈልጋለሁ፤ ለዚህም የቺያ ዘር በወተት ተዘፍዝፎ ከፍራፍሬ ጋር የሚቀርበውን ፑዲንግ መርጫለሁ። ይሁን እንጂ የማገኛቸው የአሠራር መመሪያዎች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። አንዱ ለ1 ኩባያ ወተት 2 የሾርባ ማንኪያ ዘር ይበቃል ሲል ሌላው 4 ማንኪያ ያዛል፤ አንዱ በ20 ደቂቃ ይደርሳል ሲል ሌላው ሌሊቱን ሙሉ ይደር ይላል። አብዛኞቹ ደግሞ «ጤናማ» የሚል ስም ከሰጡት በኋላ ማር፣ የኮኮናት ክሬምና የታሸገ ጭማቂ ይደራርቡበታል፤ ይህ ከምፈልገው ቀላልነት ጋር አይሄድም።

ስለዚህ የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። ዘሩ ከሥር ዘቅጦ ወተቱ ከላይ ቀጥኖ የሚያድረው ለምንድን ነው? ስኳር ሳይጨመር ጣዕም ያለው ፑዲንግ ማግኘት የሚቻለው በምን መንገድ ነው? ፍራፍሬውስ ማታ ከዘሩ ጋር አብሮ ይግባ ወይስ ጠዋት ይጨመር?

ጥሞና፦

እኅቴ ማለዳ፣ የጥያቄዎችዎ መልስ ከዘሩ ጠባይ ስለሚነሣ ከዚያው ልጀምር። የቺያ ዘር ውጫዊ ሽፋን ውሃ ሲነካው የሚያብጥ የአሰር (ፋይበር) ዓይነት ይዟል። ይህ አሰር በደቂቃዎች ውስጥ ከሽፋኑ ወጥቶ በእያንዳንዱ ዘር ዙሪያ ጥርት ያለ ዝልግልግ ክብ ይሠራል፤ ዘሩም የራሱን ክብደት 10 እጥፍ ገደማ የሚሆን ፈሳሽ ይይዛል። ፑዲንጉን የሚያረጋው ይህ ብቻ ነው፤ እንቁላልም፣ ዱቄትም፣ ጄላቲንም፣ እሳትም አያስፈልገውም።

ዘሩ የሚዘቅጠው ሽፋኑ ገና ሳያብጥ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው። ከሥር ተጠጋግቶ ሲተኛ የአንዱ ሽፋን ከሌላው ጋር ተጣብቆ ይጓጉላል፤ በመሀል የተያዘው ዘር ፈሳሽ ሳያገኝ እንደ ደረቀ ይቀራል፣ ከላይ ያለው ወተት ደግሞ የሚያረጋው ዘር አጥቶ ቀጥኖ ያድራል። መፍትሔው ከዘሩ መጠን ይልቅ በማማሰሉ ላይ ነው። ወተቱ አስቀድሞ በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይቀመጥና በእንቁላል መምቻ ወይም በሹካ እየተማሰለ ዘሩ በላዩ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይነስነስበት፤ የተከመረ ዘር ላይ ወተት ማፍሰስ ግን መጓጎልን ይጋብዛል። ከ5 ደቂቃ በኋላ የሳህኑን ሥርና ጠርዝ እየጠረጉ እንደገና ማማሰል ይገባል፤ ከሌላ 10 ደቂቃ በኋላም አንድ ጊዜ ይደገም። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ዘር የራሱን ዝልግልግ ሽፋን ስለ ለበሰ ከወተቱ ጋር ተንሳፎ ይቆያል፤ ከዚያ ወዲያ ክዳኑን ገጥሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ነው።

ስለ ምጣኔው መመሪያዎቹ የተለያዩት እያንዳንዱ የተለየ ውፍረት ስለሚፈልግ ይመስለኛል። 1 የሾርባ ማንኪያ ቺያ 12 ግራም ያህል ይመዝናል። ለ240 ሚሊ ሊትር ወተት 40 ግራም ዘር ቢገባ በማንኪያ የሚቆረጥ ጠንካራ ፑዲንግ ይወጣል፤ 30 ግራም ቢገባ ለስለስ ያለ፣ ከማንኪያ ላይ በቀስታ የሚወርድ ይሆናል፤ 24 ግራም ሲሆን ደግሞ ወደሚጠጣው ይጠጋል። «ቀለል ያለ» ለሚፈልግ ሰው መካከለኛውን እመርጣለሁ፤ ፍራፍሬው ተፈጭቶ የሚገባ ከሆነ ግን የተፈጨው ራሱ ውፍረት ስላለው ዘሩን ከዚያም በታች ማድረግ ይቻላል። ለአንድ ሰው የምመክረው 20 ግራም ዘር፣ 150 ሚሊ ሊትር ወተትና 100 ግራም በደንብ የበሰለ ማንጎ ተፈጭቶ ነው። የሚቻል ከሆነ በማንኪያ ከመስፈር በሚዛን መመዘን ይሻላል፤ ሞልቶ የተቆለለ ማንኪያና የተደለደለ ማንኪያ ልዩነታቸው በዚህ ፑዲንግ ላይ ቶሎ ይታያል።

ስለ ጊዜው ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለ። በ20 ደቂቃ ውስጥ ሽፋኑ አብጦ ፑዲንጉ የረጋ ይመስላል፤ ነገር ግን ዘሩ ውስጡ ገና ጠጣር ነው፣ ጣዕሙም ከወተቱ አልተዋሐደም። ቢያንስ 2 ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ሌሊቱን ሲያድር ደግሞ ይበልጥ ይለሰልሳል። ለሚቸኩል ሰው ወተቱን ለብ ማድረግ እብጠቱን ያፋጥነዋል፤ ማፍላት ግን አያስፈልግም።

ወለላ፦

የጥሞና ማብራሪያ ግልጽ ነው፤ አመሰግናለሁ። እኔ ግን ለማር ጥብቅና ልቆም እወዳለሁ። ፍራፍሬ ሁልጊዜ በሚፈለገው ልክ በስሎ አይገኝም፤ ቺያ ደግሞ የራሱ ጣዕም የሌለው ያህል ነው። ወተት፣ ዘርና ጎምዛዛ እንጆሪ ብቻ የያዘ ሳህን ለጤና ይበጃል ተብሎ ቢቀርብ የሚቀምሰው ሰው በማግሥቱ አይደግመውም። ማር ከተፈጥሮ የተገኘ ጣፋጭ እንጂ ነጭ ስኳር አይደለምና በመጠኑ መጨመሩ ምን ይጎዳል?

ልባም፦

ወለላ፣ የሚጣፍጥ ምግብ ብቻ ነው የሚደጋገመው ባሉት እስማማለሁ። «ከተፈጥሮ የተገኘ» መሆኑ ግን ነገሩን አይለውጠውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ «ነጻ ስኳር» ብሎ የሚጠራው በምግብ ላይ የሚጨመረውን ስኳር ብቻ ሳይሆን በማር፣ በሲሮፕና በፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ ያለውንም ያካትታል። ይህ ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ከ5 በመቶ በታች ቢወርድ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም እንደሚኖረው ድርጅቱ ይመክራል፤ 5 በመቶው ለአንድ አዋቂ 25 ግራም ገደማ ነው። 1 የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር አለው። ስለዚህ በመመሪያዎች እንደሚታየው 2 ማንኪያ ማር ሲጨመር ቁርሱ ብቻውን ከዚያ መጠን አለፈ ማለት ነው። በሙሉ ፍራፍሬ ውስጥ ያለው ስኳር ግን ከዚህ ስሌት ውጭ ነው፤ ከአሰሩና ከውሃው ጋር ተያይዞ ስለሚበላ ሰውነት የሚቀበለውም በዝግታ ነው።

የማለዳን «ቀላል» የሚል ፍላጎት በቁጥር ማየቱ ይጠቅማል። 25 ግራም ቺያ 120 ካሎሪ ገደማ፣ ከ8 ግራም በላይ አሰርና 4 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። 100 ግራም ማንጎ 60 ካሎሪ ያህል አለው። 200 ሚሊ ሊትር ቅባቱ የተቀነሰ ወተት ከ100 ካሎሪ አይበልጥም። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከ300 ካሎሪ በታች ነው። በወተቱ ፈንታ በቆርቆሮ የታሸገ የኮኮናት ወተት ብናደርግ ግን 200 ሚሊ ሊትሩ ብቻውን 400 ካሎሪ ያህል ይጨምራል፤ ከ40 ግራም ገደማ ከሚሆነው ቅባቱም አብዛኛው ሳቹሬትድ (ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ዓይነት) ቅባት ነው። ዘሩ ራሱ ከክብደቱ 30 በመቶ ያህሉ ቅባት መሆኑን አንርሳ። ይህ ቅባት በአብዛኛው ኦሜጋ 3 የተባለው የቅባት ዓይነት ስለሆነ መልካም ነው፤ ሆኖም መልካም መሆኑ ካሎሪውን አያጠፋውም። ስለዚህም 4 ማንኪያ ዘር ለአንድ ሰው ቁርስ ይበዛል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

የኮኮናትን መዓዛ የሚወድ ሰው በወተቱ ላይ 1 ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ ብቻ ቢጨምርበት መዓዛውን ያገኛል፤ ፑዲንጉም አይከብድም።

ወለላ፦

ልባም፣ በቁጥር ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ፤ 2 የሾርባ ማንኪያ እንደሚበዛ እቀበላለሁ። ይሁንና 1 የሻይ ማንኪያ ማር 6 ግራም ያህል ስኳር ብቻ ነውና በጎምዛዛ ፍራፍሬ ላይ ይህን ያህሉን መከልከል አስፈላጊ አይመስለኝም።

ልባም፦

በዚህ መጠን ከሆነ እኔም አልከለክልም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ማሩ ማታ ከወተቱ ጋር ከሚዋሐድ ይልቅ ጠዋት ከላይ ጠብ ጠብ ቢደረግ ምላስ በቀጥታ ስለሚያገኘው ያው መጠን ይበልጥ ይጣፍጣል። አሁንም ግን የመጀመሪያ ምርጫዬ ፍራፍሬው ነው፤ ቆዳው ላይ ነጠብጣብ ያወጣ ሙዝ ግማሹ በሹካ ተዳቅቆ በወተቱ ውስጥ ቢገባ ጎምዛዛውን እንጆሪ ያለ ማር ያለዝበዋል። ፍሬው ወጥቶ በጥቂት ሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ የተፈጨ ቴምርም ይህን ሥራ ይሠራል፤ ስኳሩ ብዙ ስለሆነ ግን አንድ ፍሬ ለአንድ ሰው በቂ ነው። ትንሽ ቫኒላና ቀረፋ፣ እንዲሁም እጅግ ጥቂት ጨው፣ ያለውን ጣፋጭነት አጉልተው ያወጣሉ።

የጓዳ ወዳጅ፦

ከፍራፍሬው ጋር በተያያዘ ግራ የሚያጋባኝ ነገር አለ። በማንጎና በሙዝ የተሠራው ማግሥቱንም ጣዕሙ መልካም ነው፤ በአናናስና በኪዊ የተሠራው ግን ማታ ጣፋጭ የነበረው ጠዋት ይመራል። ወተቱም ቀኑ ያላለፈበት ነው። አናናስ ጄላቲን እንዳይረጋ ያደርጋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ቺያውንም ያበላሸዋል ማለት ነው?

ጥሞና፦

የጓዳ ወዳጅ፣ መልካም ጥያቄ አነሡ፤ ማለዳ «ፍራፍሬው መቼ ይግባ» ስትል የጠየቀችውም በዚሁ ይመለሳል።

ጥሬ አናናስ ብሮሜሊን፣ ኪዊ አክቲኒዲን፣ ፓፓያም ፓፔይን የተባሉ ፕሮቲንን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች አሏቸው፤ ፓፔይን በተለይ የሚበዛው ባልበሰለው ፓፓያ ውስጥ ነው። ጄላቲን ፕሮቲን ስለሆነ በእነዚህ ተቆራርጦ ሳይረጋ ይቀራል። የቺያው ዝልግልግ ሽፋን ግን ከአሰር እንጂ ከፕሮቲን የተሠራ ባለመሆኑ ኢንዛይሞቹ አይነኩትም፤ ፑዲንጉ እንደ ወትሮው ይረጋል። የሚጎዳው ወተቱ ነው። ኢንዛይሙ ሌሊቱን የወተቱን ፕሮቲን ሲቆራርጥ ያድራል፤ ከሚገኙት ቁርጥራጮች አንዳንዶቹ መራራ ጣዕም አላቸው። ጠዋት የሚሰማዎት ምሬት ከዚያ የመጣ ነው። በእርጎ ቢሠራም ያው ነው።

ስለዚህ አናናስና ኪዊ ሊበሉ ሲሉ ከላይ ይጨመሩ፤ በዚያን ጊዜ ኢንዛይሙ ለመሥራት ፋታ አያገኝም። አናናሱን ማታውኑ ማስገባት የሚፈልግ ሰው ተቆራርጦ በራሱ ጭማቂ ለጥቂት ደቂቃ እንዲንተከተክ አድርጎ ማቀዝቀዝ ይችላል፤ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ያጠፋዋል። በቆርቆሮ የታሸገው በማሸጊያው ሂደት ስለሚሞቅ ይህ ችግር የለበትም፤ በሲሮፕ ሳይሆን በራሱ ጭማቂ የታሸገውን መምረጥ ብቻ ይገባል።

የሌሎቹ ፍራፍሬዎች ነገር ከዚህ ይለያል። ማንጎና እንጆሪ ማታ ቢገቡ ጭማቂያቸው ወደ ወተቱ ስለሚወርድ ፑዲንጉን ያጣፍጡታል፤ በተለይ ግማሹ ተፈጭቶ ከወተቱ ጋር ሲገባ፣ ግማሹ ደግሞ ጠዋት ተከትፎ ከላይ ሲነሰነስ በአንድ ሳህን ውስጥ ሁለት ዓይነት ስሜት ይገኛል። ሙዝ፣ ፖምና አቮካዶ ከተቆረጡ በኋላ አየር ሲያገኛቸው ይጠቁራሉ፤ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ያዘገየዋል፣ ነገር ግን ጠዋት መቁረጡ ይቀላል። ሮማን ፍሬው ስለማይለሰልስ በማንኛውም ጊዜ ቢገባ ግድ የለም። ብርቱካን ወተት ላይ በብዛት ከተጨመቀ ኮምጣጣነቱ ወተቱን ያጓጉለዋል። የብርቱካንን መዓዛ የሚሻ ሰው ውጫዊውን ልጣጭ አጥቦ፣ ነጩ ክፍል ሳይነካ፣ ጥቂቱን ፈቅፍቆ ቢጨምር መዓዛው ያለ ኮምጣጣነቱ ይገባል፤ ሥጋውን ደግሞ ከላይ ያድርገው። ብዙ ኮምጣጤ ጣዕም ያለው ፈሳሽ የዘሩንም እብጠት ስለሚያዳክም፣ ሎሚም ሆነ ሌላ ጎምዛዛ ጭማቂ ዘሩ አብጦ ከረጋ በኋላ ቢጨመር እመርጣለሁ።

በበረዶ የተቀመጠ ፍራፍሬ ሲሟሟ ብዙ ውሃ ይለቃል። ያ ውሃ ጣዕምና ቀለም ያለው ስለሆነ አይደፋ፤ ከወተቱ መጠን ላይ ያንኑ ያህል ቀንሶ እንደ ፈሳሽ መቁጠር ነው። እንደ በረደ ከላይ ተደርጎ ቢያድር ግን የፑዲንጉ ገጽ ይቀጥናል።

ማለዳ፦

ወንድሜ ጥሞና፣ እጅግ አመሰግናለሁ፤ ስለ አናናሱ ያሉት በተለይ ጠቅሞኛል። ስለ ወተቱም ልጠይቅ። ከከብት ወተት ሌላ የአጃ፣ የአልሞንድ ወይም የአኩሪ አተር ወተት ቢሆን የአረጋጉ ነገር ይለወጣል? በእርጎስ መሥራት ይቻላል?

ልባም፦

ዘሩ የሚይዘው ውሃውን ስለሆነ በሁሉም ይረጋል። የሚለያየው ምግብነቱ ነው፤ 1 ኩባያ የአኩሪ አተር ወተት 7 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲኖረው የአልሞንዱ 1 ግራም ገደማ ብቻ አለው፤ የአጃው ወተት ደግሞ ሲመረት ከአጃው ስታርች ከፊሉ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ሳይጨመርበትም ይጣፍጣል። የትኛውም ቢመረጥ በማሸጊያው ላይ «ስኳር ያልተጨመረበት» የሚል መጻፉን ማየት ያስፈልጋል።

እርጎን በተመለከተ፣ ከ3 እጅ 2 እጁ ወተት፣ 1 እጁ ለስላሳና ያልጣፈጠ እርጎ ሲሆን ውፍረቱም ጣዕሙም የተመጣጠነ ይሆናል። እርጎ ብቻውን ሲሆን ግን ዘሩ የሚጠጣው ነጻ ፈሳሽ ያንሰዋልና ፑዲንጉ ይደርቃል፤ ዘሩም በጥርስ መሀል ይንኮሻኮሻል። በማንጎና በእንጆሪ ጊዜ እርጎ የተቀላቀለበትን አስበልጣለሁ፤ ጎምዘዝ ማለቱ የፍራፍሬውን ጣፋጭነት ያጎላዋል።

አስተዋይ፦

ስለ ጣዕም ብዙ ተባለ፤ አንድ የጥንቃቄ ነገር ሳይነሣ ውይይቱ እንዳይረዝም ፈራሁ። የቺያ ዘር ሳይዘፈዘፍ በማንኪያ ተቅሞ ውሃ ሊከተልበት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የጨጓራና የአንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ አንድ የሕክምና ዘገባ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ቺያ ውጦ ውሃ የጠጣበት ሰው ዘሩ ጉሮሮው ውስጥ አብጦ የምግብ መውረጃ ቧንቧውን እንደ ዘጋበት ይገልጻል። ሐኪሞች በመሣሪያ ማውጣት አስፈልጓቸዋል። ሰውየው ቀድሞውንም የመዋጥ ችግር የነበረበት ነው። እንግዲህ የመዋጥ ችግር ወይም የጠበበ የምግብ ቧንቧ ያለበት ሰው በደንብ ያበጠውን እንኳ ቢሆን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ባይጀምረው መልካም ነው። ጤነኛ ሰውም ቢሆን «20 ደቂቃ ይበቃል» በሚለው አይመካ፤ ከሥር የተጓጎለና ውስጡ ደረቅ የሆነ ነገር ካየ አማስሎ ጊዜ ይስጠው።

ከዚህ በፊት አሰር የበዛበት ምግብ ያላዘወተረ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ሲበላ ሆዱ ይነፋል፣ ይጎረብጠዋልም። በ1 የሾርባ ማንኪያ ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ መጨመር፣ ውሃም በደንብ መጠጣት ያስፈልጋል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ቺያን በየቀኑ ለመብላት ሲያስቡ አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ።

እናት ዓለም፦

አስተዋይ፣ ይህን በማንሣትዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔም የ10 ወር ልጅ አለችኝና እኛ ከምንበላው ላይ ላቀምሳት አስቤ ነበር። ይፈቀዳል?

አስተዋይ፦

እኅቴ፣ ማር የገባበት ከሆነ ፈጽሞ አይስጧት፤ ማር ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ ሕመም የሚያመጣ ባክቴሪያ ስፖር (የተኛ የባክቴሪያ ቅንጣት) ሊይዝ ስለሚችል ዕድሜያቸው 1 ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት አይሰጥም፤ የፑዲንጉ ዋና ፈሳሽ የከብት ወተት መሆኑም በዚህ ዕድሜ አይመከርም። ስለ ዘሩ ራሱ ግን ልጅቷን የሚከታተላትን ሐኪም መጠየቁ ይሻላል። እስከዚያው የበሰለውን ማንጎ ወይም ሙዝ ብቻውን አድቅቀው ይስጧት።

ብራና፦

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ዘሩን ፈጭቶ መሥራት ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው? ቺያ ባይገኝስ በተልባ መተካት ይቻላል?

ጥሞና፦

ብራና፣ መፍጨቱ ጥቅም አለው። ሙሉው ዘር በደንብ ካልታኘከ ከፊሉ ሳይፈጭ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ሲፈጭ በውስጡ ያለው ኦሜጋ 3 ለሰውነት ይበልጥ ይቀርባል። ፑዲንጉም ቶሎ ይረጋል፣ ልሙጥም ይሆናል፤ ጥቁሩ ዘር ሲፈጭ ቀለሙን ግራጫ ስለሚያደርገው ቀለሙ የሚያሳስበው ሰው ነጩን ይምረጥ፤ በምግብነታቸው ይህን ያህል የሚያለያያቸው ነገር የለም። የተፈጨው ቅባቱ በአየርና በሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽ የሚፈለገውን ያህል ብቻ ፈጭቶ የተረፈውን በታሸገ ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማኖር ያስፈልጋል። እኔ ግን በዚህ ፑዲንግ ውስጥ ዘሩ ሙሉ ሆኖ በምላስ ላይ ሲንከባለል የሚሰጠውን ስሜት ስለምወድ አልፈጨውም፤ ማኘኩን ብቻ አልቸኩልበትም። የረጋውን ፑዲንግ በብሌንደር መምታትም ለልሙጥነቱ ሌላው መንገድ ነው፤ ዘሩን ለማይወዱ ሰዎች የሚቀርበው እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። በቺያ ያለው ኦሜጋ 3 ኤ.ኤል.ኤ. የተባለው የዕፀዋት ዓይነት ነው፤ ሰውነታችን በዓሣ ውስጥ ወደሚገኘው ዓይነት የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ፑዲንጉን የዓሣ ምትክ አድርጎ መቁጠር ትክክል አይሆንም።

ተልባም ዝልግልግ ሽፋን አለው፤ ኦሜጋ 3ውም ብዙ ነው። ሆኖም ሙሉው የተልባ ዘር በወተት ውስጥ እንደ ቺያው ተንሳፎ አይረጋም፣ ቅርፊቱም ጠንካራ ነው። ተፈጭቶ ሲገባ ወተቱን ያወፍራል፤ የሚገኘው ግን ፑዲንግ ሳይሆን ወደ ገንፎ የሚጠጋ፣ ጣዕሙም የተልባ የሆነ ነገር ነው። ከቺያው ላይ ሩቡን ያህል በተፈጨ ተልባ መተካት ያስኬዳል፤ ሙሉ በሙሉ መተካት ግን ሌላ ምግብ መሥራት ነው።

ማለዳ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ ይኑረኝ። በሳምንቱ መጀመሪያ ለብዙ ቀን የሚሆን አንድ ላይ ብሠራ ምን ያህል ይቆይልኛል?

ጥሞና፦

ወተቱና ዘሩ ብቻ ሆኖ በተከደነ ንጹሕ ብልቃጥ፣ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በታች በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተቀመጠ 4 ቀን ይቆያል። የተከተፈ ወይም የተፈጨ ፍራፍሬ የገባበት ግን በ2 ቀን ውስጥ ቢበላ ይሻላል። ስለዚህ የሚሻለው ፍራፍሬ ያልገባበትን ፑዲንግ ለ4 ቀን በአንድ ላይ ሠርቶ፣ ለየቀኑ በትናንሽ ብርጭቆ አከፋፍሎ፣ ፍራፍሬውን በየማታው ወይም በየጠዋቱ መጨመር ነው። በዚህ መንገድ አንዱን ቀን በማንጎ፣ ሌላውን በሮማን፣ ሌላውን በአናናስ መብላት ይቻላልና አይሰለችም። ከትልቁ ዕቃ ላይ ሲቀዱ ሁልጊዜ ንጹሕ ማንኪያ ይጠቀሙ፤ አፍ የነካው ማንኪያ ተመልሶ ከገባ ቀኑ ያጥራል። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ከ2 ሰዓት በላይ በክፍል ሙቀት የቆየውን አይመልሱት።

ቀን እየጨመረ ሲሄድ ፑዲንጉ ይወፍራል፤ ይህ ብልሽት ሳይሆን ዘሩ የቀረውን ፈሳሽ ስለሚጠጣ ነው። በ3ኛው ቀን 1 ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምሮ ማማሰል ወደ ለስላሳነቱ ይመልሰዋል። ሽታው ከኮመጠጠ ወይም ከላይ አረፋ ካቆረ ግን ይደፋ። በእርጎ የተሠራው ሽታው መጀመሪያውኑ ጎምዘዝ ስለሚል በማሽተት ብቻ ለመለየት ያስቸግራል፤ ለእሱ የተሠራበትን ቀን በብልቃጡ ላይ መጻፍ ይሻላል።